በር አዟሪዎች ሶፍትዌር የመረጡበት ዓመት

የአገሩን ስም አልጽፍም። የሚያውቀው ያውቀዋል፤ ለማያውቀው ስሙ ቢነገረውም የሚጨምርለት ነገር የለም። የምጽፈው ያየሁትን ብቻ ነው። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ አረፍተ ነገሬ ቢንጋደድ እንድትታገሡኝ ነው። የደፈንኩት ግድግዳ ግን ተንጋዶ አያውቅም።

በእኛ ከተማ ነፋስ በየዓመቱ አቅጣጫውን ይቀይራል። አንድ ዓመት ከምሥራቅ ከመጣ በሚቀጥለው ከምዕራብ ይመጣል። የሚነፍሰው ሦስት ቀን ብቻ ነው፤ ግን ቀይ አቧራ ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የየቤቱ በር በየዓመቱ ከአንዱ ግድግዳ ተነቅሎ ወደ ማዶው ግድግዳ ይዛወራል። የሌላ አገር ሰው ሲሰማ፣ ሁለት በር ሠርታችሁ አንዱን ለምን አትቆልፉም ይለናል። ይህን ጥያቄ ስንሰማ ኖረናል። በር አዟሪ የሚባል ሙያተኛ ስላለ በር ይዞራል።

እኛ አምስት ነን። የታችኛው ሰፈር መቶ አሥራ ሁለት ቤት የእኛ ነው። መንበሩ ከፋች ነው፤ አዲሱን ግድግዳ ቀዶ የበሩን ቦታ ያወጣል። ሁለት ወንድማማቾች አሉ፤ በሩን ከነመቃኑ ነቅለው፣ ተሸክመው፣ መንበሩ በከፈተው ቦታ ይተክላሉ። እኔ ወርቅያንጥፉ ዘጊ ነኝ፤ በሩ የተነሣበትን ቀዳዳ በድንጋይና በጭቃ እደፍናለሁ። አምስተኛዋ ትብለጥ አለቃችን ናት። በዕድሜ ከእኔ አሥራ አምስት ዓመት ታንሳለች። በዚህ ነገር ቅሬታ ነበረኝ፤ እንዴት እንደጠፋ ነው የምጽፈው።

በሙያችን አንድ ደንብ አለ። ከፋችና ዘጊ በአንድ ቀን አንድ ቤት ውስጥ አይገቡም። ድሮ በፍርስራሹ ድንጋይ እየተጣሉ ይፈነካከቱ ስለነበር የወጣ ደንብ ነው ይባላል። ስለዚህ ከፋች ከፍቶ ሲወጣ «አልቋል» ይላል፤ ለእሱ አልቋላ። ዘጊ ደግሞ የሚነግራት ሰው እስኪመጣ ትጠብቃለች። አምና አባባ ሳህሉ ቤት የሆነው ይኸው ነው። አባባ ሳህሉ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። መንበሩ ከፈተና አልቋል አላቸው። ወንድማማቾቹ በሩን ተከሉና አልቋል አሏቸው። ለእኔ ግን የነገረኝ የለም። እሳቸውም ሦስት ጎልማሳ አልቋል ሲላቸው አመኑ፤ ያልተደፈነውን ቀዳዳ፣ ለሽማግሌ ብለው መስኮት ጨመሩልኝ ብለው መረቁን።

ነፋሱ በሦስት ቀን ቤታቸውን እስከ አልጋው ቋሚ ድረስ አቧራ ሞላው። ከዚያ ወዲህ ያስላሉ። ሐኪሙ ትብለጥን ጠርቶ፣ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ አቧራ ከደገማቸው ሳንባቸው አይችለውም አላት። አጠገቧ ቆሜ ነበር።

በማግስቱ ሰበሰበችን። እኔ በመንበሩ ላይ የምናገረውን አዘጋጅቼ መጥቼ ነበር፤ ጥሩ ጥሩ ነገር ነበረኝ። እሷ ግን ማን ረሳ ብላ አልጠየቀችም። ማንም አልረሳም፣ ሁሉም የራሱን ጨርሷል፣ የጎደለን ሥራው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ የምናይበት ነገር ነው፣ ስለዚህ የሥራ መከታተያ ሶፍትዌር እንመርጣለን አለች። ያዘጋጀሁት ስድብ ባከነ።

በከተማችን ለሥራ የሚሆን ዕቃ ሁሉ የሚመረጠው በማወዳደሪያ ቤት በኩል ነው። እዚያ አርባ አወዳዳሪዎች አሉ። ሥራቸው ማወዳደር ነው፤ መምረጥ የሌላ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው ይላሉ፣ ያ መሥሪያ ቤት ግን ገና አልተቋቋመም። ለሶፍትዌር የተዘጋጀ ሰንጠረዥ ግድግዳቸው ላይ ተሰቅሏል፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት መስመር ስላለው ላይኛው የሚነበበው በመሰላል ነው። ሥራን በቀለም ይለያል ወይ? የሥራ መሪው ሲከፋው ያውቃል ወይ? ላልተጀመረ ሥራ የማለቂያ ሪፖርት ያወጣል ወይ? ለእያንዳንዱ ራይት ይደረጋል። ብዙ ራይት ያገኘው ዐይነ ብዙ የሚባለው ሶፍትዌር ነበር፤ ሁለት መቶ ዘጠኝ። አወዳዳሪዎቹ በቀሩት ሦስት አፍረው መስመሮቹን ሊሰርዟቸው እየተነጋገሩ ነበር።

የላይኛው ሰፈር ቡድን ዐይነ ብዙን ገዝቷል። ስድስት ነበሩ። ሁለቱ ሶፍትዌሩን ይሞላሉ፣ አንዱ የተሞላውን ያርማል፣ አንዱ ስልጠና ላይ ነው። የቀሩት ሁለቱ በር ያዞራሉ። ቢሆንም ሥራቸው ስክሪን ላይ ሲታይ እንደ ጥልፍ ስለሚያምር ሜዳሊያ ተሸልመዋል። የመካከለኛው ሰፈር ቡድን ደግሞ ለአራት ሰው በነፃ የሚሰጥ ሶፍትዌር አገኘ። እነሱ አምስት ስለነበሩ አምስተኛው እንግዳ ነው ተባለ። በየማለዳው ሲመጣ ተነሥተው ይቀበሉታል፣ ወንበር ይሰጡታል፤ ትንሽ ተቀምጦ ድንጋይ ይሸከማል። እያሾፍኩ አይደለም፤ በደንብ ነው የያዙት።

እኔ የፈለግኩት ዐይነ ብዙን ነበር። ከላይኛው ሰፈር የምናንስበት ምክንያት አልታየኝም።

ትብለጥ ሰንጠረዡን ለማየት እንኳ አልሄደችም። የድንጋይ ክምር ላይ ተቀምጣ ደብተር አወጣችና አንድ መስመር ጻፈች። ቀና ብዬ ፊደሉን ለቀምኩት፤ «የአባባ ሳህሉ ቤት ዛሬ በማን እጅ ነው?» ይላል። ሌላ የለውም። ይህን ለእያንዳንዳችን፣ ሌላ ሰው ሳንጠይቅ የሚመልስልን ሶፍትዌር የእኛ ነው አለች። ይሄ የሕፃን ጥያቄ ነው፣ ሻጮቹ ይስቁብናል አልኳት። ይሳቁ አለችኝ።

ሻጮቹ ሠላሳ ነበሩ። እያንዳንዱን ጠርታ ጥያቄውን አነበበችለት። «ከዚያ በፊት አንድ ነገር ላሳይሽ» ያለውን ሁሉ ውሃ አጠጥታ ሸኘችው። ሃያ ሰባቱ ውሃ ጠጥተው ሄዱ። የቀሩትን ሦስቱን ደግሞ እያንዳንዳቸውን ዐሥር ዐሥር ቀን፣ በእውነተኛ ቤት ላይ እንሞክራቸዋለን አለች። በሙከራው ጊዜ አንዱ ለሌላው በአፉ እንዳይናገር ከለከለች።

መንበሩ ፈታኙ ማነው ብሎ ጠየቀ፤ እኔ ነኝ የሚል ፊት ይዞ። ትብለጥ እትዬ ወርቄ ናት አለች። ደረቴን ነፋሁ። መንበሩ ሳቀና፣

«ከሁላችን ቀስ ብላ የምታነብ እሷን መረጥሽ?» አላት።

«አዎ፣ ለዚህ ነው» አለች፣ ፊቴን እያየች። «እሷ የቻለችውን ሁላችንም እንችለዋለን። ደግሞ መጨረሻ የምትገባው እሷ ናት። እሷ ያላየችው ቤት ነው ክፍት የሚቀረው።»

የመጀመሪያዋን ብቻ ነው የሰማሁት። ያኔ ተቀየምኩ፤ እኔ ስቀየም ደግሞ ቶሎ አይለቀኝም።

በዐይነ ብዙ ተጀመረ። ስልኬን ስከፍተው ቀለም ነው፣ ቀስት ነው፣ በሳጥን ውስጥ ሳጥን ነው። የትልቅ ሰው ግቢ በአጥር እንደሚታይ አየት አደረግኩና ዘጋሁት። ትብለጥ በየማለዳው «ገባሽ ወይ እትዬ?» ትለኛለች። «ገባኝ» እላታለሁ። መንበሩ እዚያው ቆሞ ጥርሱን እያሳየኝ ሌላ ምን እላለሁ? በዐሥረኛው ቀን፣ ዛሬ በእጅሽ ያለ ቤት አለ ወይ አለችኝ። የለም አልኳት፣ አፌን ሞልቼ። አይተሽ ነው? አይቼ ነው።

የብርድ ወር ነበር። ያን ዕለት ከሰዓት የተዋስኩትን ወንፊት ልመልስ ትብለጥ ቤት ሄድኩ። በአዲሱ በር ገባሁ፤ ፊት ለፊቴ ባለው ግድግዳ ላይ እኔን የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለ፣ ብርድ ልብስ ተሰቅሎበታል፣ ብርድ ልብሱ ይውለበለባል። ትብለጥና ባሏ ጋቢ ተከናንበው ምሳ ይበላሉ። ባልየው ሰላምታዬን በአገጩ ነው የመለሰው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩ።

«የሙከራው ቤት ነው» አለች ትብለጥ። «ሰው ቤቱን አልሰጥም አለ፤ እውነቱን ነው።»

«ስንት ቀኑ ነው?»

«ዘጠኝ።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪኝም?»

«በየቀኑ ስልክሽ ላይ ገብቷል እትዬ። እኔ በአፌ ከነገርኩሽ የፈተንኩት ሶፍትዌሩን አይደለም።»

ወንፊቱን እንደያዝኩ ተቀመጥኩ። ዘጠኝ ሌሊት በብርድ ያሳደርኳቸው እኔ ነበርኩ፤ እሷ ደግሞ በየማለዳው እየመጣች ገባሽ ወይ ስትለኝ አንድ ቀን ፊቷን አላጠቆረችብኝም።

«አልገባኝም» አልኳት። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልገባኝም። ያው አፍሬ ነው።»

«አመሰግናለሁ» አለችኝ፤ አንድ ነገር የሰጠኋት ይመስል። ደብተሯን አወጣችና ዐይነ ብዙን ሰረዘችው። ባልየው፣ እንግዲህ ይዘጋልን ይሆን ብሎ ጠየቀ። እዚያው ወንፊቱን አስቀምጬ ጭቃ አቦካሁ። ያን ቀን አንቱ ልላት ቃጥቶኝ ነበር።

ሁለተኛው ደወል የሚባለው ነው። መንበሩ መዶሻውን ሲያነሣ ይጮኻል፣ ሲያስቀምጥ ይጮኻል፣ ወንድማማቾቹ ሲያርፉ ማረፋቸውን ለአምስታችንም ይናገራል። በሦስተኛው ቀን አምስቱንም ስልክ ባዶ በርሜል ውስጥ ከተን ከደንነው። እንደ ንብ ቀፎ ሲያጉረመርም ዋለ። ትብለጥ ዐሥር ቀኑን አልጠበቀችም።

ሦስተኛው መዳፍ ነው። ስከፍተው የአምስታችን ፎቶ አለ፤ የእኔንም አየሁት። በየፎቶው ሥር የቤት ስም ይቀመጣል። መንበሩ ጨርሻለሁ ስላለ ብቻ ቤቱ ከፎቶው ሥር አይነሣም፤ ከወንድማማቾቹ አንዱ ነክቶ ሲቀበለው ነው የሚነሣው። ከእነሱም እኔ ስነካው ብቻ ይወጣል። ከእኔ ሥር ደግሞ የሚወጣው የቤቱ ባለቤት ራሱ በስልኬ ላይ ጣቱን ሲያሳርፍ ነው። ከዚህ ሌላ ምንም አያውቅም። ቀለም እንኳ የለውም። በዚህ ጊዜ ለሙከራ ቤታቸውን የሰጡት የመንበሩ አማት ነበሩ። ማንም ሳይነግረኝ አንድ ጧት ስልኬን ከፈትኩ፣ ከፎቶዬ በላይ ባለው በወንድማማቾቹ ሥር የአማቱን ስም አነበብኩ፣ ነካሁት፣ ወደ እኔ መጣ። ጭቃዬን ይዤ ስሄድ ደብዳቤ የተጻፈለት ሰው መስዬ ነበር።

ከዚህ በኋላ የቀረን በማወዳደሪያ ቤት ማስጸደቅ ነበር። መዳፍ ከሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ ያገኘው አሥራ አንድ ራይት ነው። ደንቡ ከመቶ በታች አይጸድቅም ይላል። የማወዳደሪያ ቤቱ ሹም ትሑት ሰው ናቸው፤ ተነሥተው ነው የተቀበሉን። የጎደለው ሁለት መቶ አንድ መሆኑን ቀስ አድርገው፣ እንደ መርዶ ነገሩን።

«አዎ ጌታዬ» አለች ትብለጥ፤ «የወደድነው ለእሱ ነው።»

ቀጥላ በሰንጠረዡ ላይ አንድ ቤት ክፍት መቅረቱን የሚጠይቀው መስመር የትኛው እንደሆነ እንዲያሳዩዋት ለመነቻቸው። ሹሙ አርባውን አወዳዳሪዎች አሰማሩ። መሰላል ላይ ወጡ፣ ወረዱ፣ ተቀያየሩ። እስከ ምሳ ሰዓት ፈለጉ። ሹሙ መነጽራቸውን አውልቀው የለም አሉ፤ ሌላ ሹም ቢሆን አለ ባለን ነበር። ሆኖም ደንብ ደንብ ነውና ለአንድ ወቅት ብቻ፣ በአንድ ሁኔታ ፈቀዱልን። በነፋሱ ዋዜማ፣ ጀምበር ሳትጠልቅ፣ መቶ አሥራ ሁለቱም ቤት ማለቁ ይነገራል። አንድ ከቀረ የታችኛው ሰፈር ለላይኛው ቡድን ይሰጣል። ትብለጥ ፈረመች። ከዐሥራ ሰባት ዓመቴ ጀምሮ የማውቀው ሥራ ይህ ብቻ ነው።

አርባ ቀን ሠራን። ማንም ማንንም ሳይጠራ፣ ሳይጨቃጨቅ ቤት ከእጅ ወደ እጅ እያለፈ መቶ አሥራ አንድ አለቀ። የአባባ ሳህሉ ቤት መጨረሻ የሆነው እኛ አዘግይተነው አይደለም። እሳቸው የሌላውን ሰው ግድግዳ እየዞሩ ሲመረምሩ ከርመው በመጨረሻው ሳምንት ነው መንበሩን ያስገቡት። በዋዜማው ደፈንኩት። ድንጋዩን ሁለት ድርብ አደረግኩ፣ ጭቃውን ሦስት ጊዜ ለቀለቅኩ። እጄን ታጥቤ ስልኩን ዘረጋሁላቸው።

ስልኩን አዩት፣ ግድግዳውን አዩት።

«አምናም አልቋል ብላችሁኛል።»

«አባባ፣ አምና እኔ መቼ መጣሁ?»

«እኔስ ምን አልኩሽ?» አሉኝ። «ነፋሱ ይምጣ። አይቼው እነካለሁ።»

ለመንኳቸው። ሰፈሩ እንደሚወሰድብን፣ ጀምበር ልትጠልቅ ሁለት ሰዓት እንኳ እንዳልቀረ ነገርኳቸው። ሳላቸው መሐል መሐል እየገባ አዳመጡኝ። ለሰፈራችሁ አዝናለሁ፣ ጣቴ ግን የእኔ ነው አሉ። እልኸኛ ሰው አውቃለሁ፣ እኔም ራሴ ነኝ፤ የእሳቸውን ያህል ግን አላየሁም።

ውጭ አራቱም ቆመዋል። ነገርኳቸው። መንበሩ፣ ስልኩ የማን ጣት እንደሆነ ምን ያውቃል፣ የእኔ አማት ጣታቸውን ለዚህ አይሰስቱም አለ። ወንድማማቾቹ መሬት መሬት አዩ። እውነቱን ልጻፍ፤ የእኔ ጣት ተነሥቶ ነበር።

ትብለጥ ስልኩን ከእጄ አልወሰደችም። የአባባ ሳህሉ ቤት አሁን በማን እጅ ነው ብላ ጠየቀችኝ። በእኔ አልኳት።

«እንግዲያው በአንቺ እጅ ነው ብዬ እናገራለሁ» አለች። «አምና የገደልናቸው አልቋል ብለን ነው።»

ማወዳደሪያ ቤት ሄዳ፣ መቶ አሥራ አንዱ አልቋል፣ አንዱ በወርቅያንጥፉ እጅ ነው ብላ አስመዘገበች። የላይኛውም የመካከለኛውም ቡድን ሙሉ በሙሉ ጨርሰናል ብለው ነበር። ዐይነ ብዙማ ማለቁን ሲናገር ስክሪኑ ላይ ርችት ተኩሷል።

የሹሙን ውሳኔ ቀድሜ ልንገርና ልገላገል። ከነፋሱ በኋላ መጨረሻ ወጣን። የታችኛውን ሰፈር እንዲረከቡ የላይኞቹ ተጠሩ፤ በር የሚያዞሩት ሁለት ብቻ ስለሆኑ አመስግነው ተመለሱ። የላይኛው ሰፈር ሠላሳ አንድ ቤት አቧራ ገብቶበት ስለነበር ነዋሪዎቹ ማወዳደሪያ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጠው፣ አንድ ቀርቶናል ያሉትን ሰዎች አምጡልን አሉ። ሹሙ ሰንጠረዡን አማከሩ፤ ስለዚህ የሚል መስመር አልነበረም። በመጨረሻ ቅጣት እንዲሆነን ሠላሳ አንዱ ቤት ተጨመረብን። ትብለጥ ቅጣቱን ፈርማ ተቀበለች።

ወደ ነፋሱ ልመለስ። ቤቱ በእጄ ስለነበር እዚያው ቀረሁ። አባባ ሳህሉ የደፈንኩት ግድግዳ ሥር ነጭ ነጠላ አነጠፉ፤ አቧራ ከገባ ይታያል ብለው። እሳቸው አልጋቸው ላይ፣ እኔ በርጩማ ላይ ሆነን ነጠላውን ስናይ ሦስት ቀን ተቀመጥን። ነፋሱ ግድግዳዬን ሲመታው በጀርባዬ የሚመታኝ ይመስለኝ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሲስሉ ዘልዬ ተነሣሁ። ተቀመጪ፣ ይሄ የአምናው ነው አሉኝ። በሁለተኛው ቀን ስለ ሟች ሚስታቸው አወሩኝ፤ እሷም እንደ አንቺ ደረቅ ነበረች አሉ። በስድብ አልወሰድኩትም። በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ጸጥ አለ።

አባባ ሳህሉ ከአልጋቸው ወረዱ። ነጠላውን አንሥተው ወደ በሩ ብርሃን ወሰዱት፣ ዘረጉት፣ ገልብጠው ደግሞ አዩት። አሸተቱት። ከዚያ አጣጥፈው ትከሻቸው ላይ ጣሉትና እጃቸውን ዘረጉልኝ። ስልኩን አቀረብኩላቸው። ጣታቸው ደርቆ ስለነበር ስልኩ አላወቀውም። ደግመው ነኩ፤ አሁንም። ጣታቸውን በምራቃቸው አርሰው፣ በነጠላው ጫፍ አበስ አድርገው ተጫኑት። ስማቸው ከፎቶዬ ሥር ጠፋ።

«አሁን የት ሄደ?» አሉኝ።

«ከእጄ ወጣ አባባ። አለቀ።»

አልጋቸው ላይ ወጥተው ፊታቸውን ወደ ደፈንኩት ግድግዳ አዞሩ።

«እንግዲያው ቤትሽ ግቢ» አሉ፤ «እኔም ልተኛበት።»

በሩን ከውጭ ገጠም አድርጌ ሄድኩ።